ከሃኒ መታጠቂያ ስለ ጎደለው ጸበል የተሰጠ ቃል

በየካ ክፍለ ከተማ ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍል የተመዘገበ የምስክር ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ አፀደ ወልደ ኢየሱስ
ዕድሜ፦ 47 ዓመት
ሥራ፦ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ መሪ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ
ጉዳዩ፦ የምስክሯ ልጅ በሆነችው በሃኒ አምሃ (ዕድሜ 16) ላይ በእንጦጦ የደረሰ የአካል ጉዳት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን ገረሱ ኤጀታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው፣ ለምስክርነት የተጠራሁት ባለቤቴ አቶ አምሃ እንድርያስ በበረራ አሠልጣኙ በሀብቶም ኤልቃና ላይ ባቀረበው አቤቱታ ምክንያት መሆኑ ተነግሮኛል። አቤቱታው አሠልጣኙ ልጃችን ሃኒን ተገቢው ክብደት ሳይኖራት አየር ላይ በመልቀቁ በቸልተኝነት ለአጥንት ስብራት ዳርጓታል የሚል ነው። ሀብቶም ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ታስሮ ይገኛል። የእኔ ቃል እሱን ሊያስፈታም ሊያስከስስም እንደሚችል መርማሪው ገልጸውልኝ፣ ያየሁትንና የሠራሁትን በትክክል ለመናገር ተስማምቻለሁ። ወንበር ቀርቦልኝ ነበር፤ ቁጭ ማለት ስላልሆነልኝ ቆሜ ለመናገር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የበረራውን ነገር ያመጣችው ሃኒ ናት። በዚህ ዓመት ጥቅምት ወር፣ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ሰዎች ከእንጦጦ ቁልቁለት በጨርቅ ክንፍ እየተንሳፈፉ ሲወርዱ አይታ መጣች። ይህ ክንፍ ሞተር የለውም፤ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ በነፋስ የሚሄድበት ነው። ሰፈር ውስጥ ፓራሹት ይሉታል፤ ሃኒ ግን ፓራሹት ስለው ትቆጣለች። ዕድሜዋ ስላልደረሰ ወላጅ መፍቀድ ነበረበት። እኔም ፈርሜልሽ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሬሳሽን አልጠብቅም አልኳት። እሷም «እማ፣ ድራማ አታብዢ፤ ካልሆነ አብረሽኝ ተማሪያ» አለችኝ። ስታሾፍብኝ ነበር። በሳምንቱ ሁለታችንም ተመዘገብን።

መርማሪው ከፍታ ትፈሪያለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እፈራለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ስኖር በረንዳው ላይ ወጥቼ ልብስ አስጥቼ አላውቅም፤ የምታሰጣው ሃኒ ናት። ነገር ግን ልጄ ሰማይ ላይ ሆና እኔ ከታች አንገቴን አቅንቼ ከማይ፣ አብሬያት ብወድቅ ይሻለኛል ብዬ ነው። ባለቤቴ ሁለታችሁም አብዳችኋል ብሎ ተወን። ሲኤምሲ ያለውን ሱቁን ትቶ አንድም ቀን ሊያየን አልመጣም።

ለሁለት ወር ያህል የተማርነው መሬት ላይ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ነፋሱን እየጠበቁ ከራስ በላይ ማቆም፣ መሮጥ፣ መልሶ ማስተኛት። ሃኒ ቶሎ ገባት። እኔን ክንፉ በሆዴ እየጎተተ ሣር ለሣር ሲያንከባልለኝ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይስቅብኝ ነበር። ማታ ማታ ሃኒ ሳሎናችን ውስጥ ከመጋረጃው ዘንግ ላይ ሁለት ገመድ አስራ፣ እኔን ሶፋ ላይ አስቀምጣ ታለማምደኛለች። ለመጠምዘዝና ፍጥነት ለመቀነስ የሚሳቡት ሁለቱ ገመዶች ፍሬን ይባላሉ። «ግራ ስልሽ ግራ! እማ፣ ግራሽ የቱ ነው?» እያለች ትጮህብኝ ነበር። ደብተሯን ይዤ አሥራ ስድስት ዓመት የጮህኩባትን ሁሉ መለሰችልኝ። ደስ ይለኝ ስለነበር አውቄ የምሳሳትበትም ጊዜ ነበር። መርማሪው ወደ ጉዳዩ እንድገባ አሳስበውኛል፤ ጉዳዩ ይህ ነው ብያቸዋለሁ።

ስለ ክብደቱ ያለው እውነት የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ ክንፍ የሚሠራው ለተወሰነ ክብደት ነው። ሰውየው ከክንፉ ልክ ካነሰ ነፋሱ ይጫወትበታል፤ መውረድም ወደፊት መሄድም ያቅተዋል። ሃኒ ቀጭን ናት። ስለዚህ ሀብቶም ከመታጠቂያዋ መቀመጫ ጀርባ ባለው ኪስ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ያስይዛት ነበር። ማክበጃ ይሉታል። መብረር ከጀመርን ወዲህ በየሳምንቱ ከመነሳታችን በፊት ሀብቶም እሷንም፣ ዕቃዋንም፣ ውሃውንም በሚዛን ሳይመዝን ለቋት አያውቅም። የኔ ክብደት ግን ለብቻው በቂ ስለነበር ማክበጃ አላስፈለገኝም፤ ስንት እንደሆነ እንዳይጻፍብኝ ጠይቄያለሁ።

ውሃው ጸበል እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልጄ ውሃ ተሸክማ ሰማይ የምትወጣ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ከምትሸከም የማርያምን ጸበል ብትሸከም ይሻላል ብዬ፣ በየቅዳሜው እንጦጦ ማርያም ደርሰን እናስቀዳ ነበር። ሃኒ «መላእክቱን ልታጠምቂያቸው ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። ሀብቶም ጴንጤ ነው፤ ቢሆንም አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። «እትዬ አፀደ፣ ለኔ ኪሎው ይሙላልኝ እንጂ የፈለጉትን ይሙሉበት» ነው ያለኝ።

የካቲት 14 ቀን ቅዳሜ ከመሪ በጠዋት ተነስተን፣ በመገናኛና በሽሮ ሜዳ አድርገን እንጦጦ ማርያም ደረስን። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ኪዳነ ምሕረትም ቀርባ ስለነበር መንገዱ በጸበልተኛ ተሞልቷል። ሦስቱን ጠርሙስ አስቀድተን ወደ መነሻው ገላጣ ሄድን። ቦታው ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር ሩቅ ነው። ሀብቶም ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነበር። ሃኒን ከነሙሉ ዕቃዋ፣ ከነሦስቱ ጠርሙስ መዘናት። ልክ ነበረች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ለኔ ሰጥቶኝ ክንፉ ሲዘረጋ ኪሷ ውስጥ እንድከታቸው ነግሮኝ፣ እሱ የነፋስ መጠቆሚያውን ጨርቅ ሊያይ ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ወረደ።

ሃኒ ክንፏን እየዘረጋች ሳለ በመንገዱ ዳር አንዲት አሮጊት ከምራታቸው ጋር ቆመው አየሁ። ወደ ጸበሉ እየወጡ ዳገቱ አቅቷቸው መመለሳቸው ነው። አንድ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባለት ብሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሦስቱን ጠርሙስ አቅፌ ሲያዩኝ «ልጄ፣ ጸበል ነው እንዴ የያዝሽው?» አሉኝ። አዎ እናቴ፣ የማርያም ነው አልኳቸው። «እንደው ጠብ አርጊልኝ፤ ደጇ ሳልደርስ መመለሴ ነው» አሉኝ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም።

አንዱን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ጠጥተው የቀረውን ራሳቸው ላይ አፈሰሱት። ምራታቸው እግራቸውን ፈትታ ስታሳየኝ ሁለተኛውን ራሴ ጎንበስ ብዬ እግራቸው ላይ አፈሰስኩላቸው። መረቁኝ። ልጄንም በሩቁ እያዩ መረቋት። ሦስተኛውንም ቢጠይቁኝ እሰጥ ነበር፤ አልጠየቁኝም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን መርማሪው ቀስ ብለሽ ተናገሪ ብለውኛል። ባዶ ጠርሙሶቹን ይዤ ቆምኩ። ተመልሶ ማስቀዳት ሩቅ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ እንደሚከፋ ሀብቶም ደጋግሞ ነግሮናል፤ እኔም መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አፈርና ጠጠር ልሙላባቸው ብዬ አስቤ ነበር። እግሬ ሥር ሞልቷል። ጎንበስም ብያለሁ። ግን ጸበል በነበረበት ዕቃ ላይ ከብት የረገጠው አፈር መሙላት ነውር ሆኖ ታየኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞም የሰጠሁት ጸበል ራሱ ልጄን ይጠብቃታል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ብዬ በልቤ የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። ባዶዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ የቀረችውን አንዷን ብቻ የሃኒ ኪስ ውስጥ አስገብቼ ዚፑን ዘጋሁ።

ሃኒና እኔ ጥንድ ስለሆንን ከመነሳታችን በፊት አንዳችን የአንዳችንን መታጠቂያ እንፈትሻለን፤ ሀብቶም ደግሞ ከጫፉ ላይ ሆኖ አንድ በአንድ እየጠራ ያስመልሰናል። የእግር ማሰሪያ አለ፤ ታስሯል አልኩ። ሄልሜት አለ፤ ታስሯል አልኩ። ሬዲዮ አለ፤ ይሠራል አልኩ። ማክበጃ አለ። ገብቷል አልኩ። ስንት ገብቷል ብሎ አልጠየቀኝም፤ ራሱ መዝኖ ለእናቷ ሰጥቷልና የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። ሃኒ በዚህን ጊዜ ዞራ አየችኝ። ምን እንዳየች ያኔ አልገባኝም።

ሃኒ ተነሳች። ስትሮጥ ሦስት አራት እርምጃ ሳትሄድ ነው መሬቱ የለቀቃት። ቀጥሎ እኔ ተነሳሁ። ፍርሃቴ እግሬ መሬት እስኪለቅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይተወኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከታች ባሕር ዛፉ፣ የታጨደው ማሳ፣ ወዲያ ከተማው ይታየኛል። ልጄ ከፊቴ፣ ከኔ ትንሽ ከፍ ብላ ነበረች። እግሯን እያወዛወዘች ትዘፍን ነበር፤ በሬዲዮው ሳይሆን በአየሩ ነው የሰማኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቂት ደቂቃ እንደቆየን ነፋሱ በረታ። እኔ እንደ ሁልጊዜው ሀብቶም በሬዲዮ እየመራኝ ወደ ማረፊያው ማሳ እየወረድኩ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ሃኒ ከፊቴ የለችም። ከራሴ በላይ፣ ከኋላዬ ናት። እየወጣች ነው። በሬዲዮው «አሠልጣኝ፣ አልወርድ አለኝ እኮ። ወደ ኋላ እየወሰደኝ ነው» ስትል ሰማሁ። ከመታጠቂያዋ የጎደለው ምን እንደሆነ በዚያ አየር ላይ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሀብቶም ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጎበዝ ሃኒ። ፊትሽ ወደ ነፋሱ ይሁን። ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቂ። እንዳትዞሪ» አላት። ከዚያ ለኔ «እትዬ አፀደ፣ እርስዎ ደህና ነዎት። ማረፊያውን ያውቁታል፤ ብቻዎን ይረፉ። ካሁን በኋላ የማወራው ለሃኒ ብቻ ነው። እባክዎን ቁልፉን እንዳይነኩብኝ» አለኝ። በዚያ ሬዲዮ አንድ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር የሌላው ድምፅ አይሰማም። እኔ ብናገር ሃኒ እሱን አትሰማም ማለት ነው።

ዝም በይ ተብዬ ዝም ያልኩበት ጊዜ በዕድሜዬ የለም፤ ባለቤቴም፣ መሥሪያ ቤቴም ይመሰክራሉ። ያን ቀን ዝም አልኩ። ነፋሱ ልጄን የተነሳንበትን ጉብታ አሳልፎ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ሲገፋት እያየሁ ዝም አልኩ። «እማ» ስትል ሰማኋት። «እማ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለች። አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ወዲያው የሀብቶም ድምፅ መጣ፤ «ዛፍ ላይ ነው የምታርፊው፣ አትፍሪ፤ ሁለቱን እግርሽን ግጠሚ፣ ፊትሽን በክንድሽ ሸፍኚ» አላት። እኔ ተጭኜው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልሰማች ነበር። ባለቤቴ ልጅሽ ስትጠራሽ ዝም አልሽ ብሎኛል። አዎ፣ ዝም ብያለሁ።

እኔ ማሳው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ማን እንደመራኝ፣ ፍሬኑን መቼ እንደሳብኩ አላውቅም። መታጠቂያዬን ፈትቼ ክንፉን እንደተዘረጋ ጥዬው ዳገቱን ሮጥኩ። አሁንም እዚያው ይሁን፣ ሰው ያንሳው አላጣራሁም።

ጫካው ውስጥ ስደርስ ሀብቶም ቀድሞኝ ነበር። ሃኒ ዛፉ አናት ላይ በሰላም ተሰቅላ ሳለ የያዛት ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ነው የወደቀችው። በግራ ጭኗና በግራ ክንዷ ላይ ነው ያረፈችው። እዚያ ቅርብ እንጨት ይቆርጡ የነበሩ ሰዎች ደርሰው ሊያነሷትና ውሃ ሊያፈሱባት ሲሉ፣ ሀብቶም ተንበርክኮ ራሷን በሁለት እጁ ይዞ «ማንም እንዳይነካት! አንገቷ ነው!» እያለ ይጮህ ነበር። የአንገቷ አጥንት ደህና መሆኑን ሐኪሞቹ ነግረውናል። እንዴት መነሳት እንዳለባት እሱ እየነገራቸው በሁለት እንጨትና በጋቢያቸው ቃሬዛ ሠርተው አስፋልት ድረስ አወጡልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እነሱንም ፖሊስ አግኝቶ ቢያመሰግንልኝ ደስ ይለኛል።

ቃሬዛው ላይ ሳለች ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ «እማ፣ ብቻሽን አረፍሽ?» የሚል ነበር። አዎ ብቻዬን ነው ያረፍኩት አልኳት። «ዋው» ብላ መልሳ ጨፈነችው።

አምቡላንሱ እስኪመጣ አስፋልቱ ዳር ስንጠብቅ ሀብቶም የሃኒን መታጠቂያ ሰበሰበ። ከጀርባ ያለውን ኪስ ሲከፍት አየሁት። አንዷ ጠርሙስ ሳትፈነዳ ብቻዋን ተኝታለች። አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። ዚፑን መልሶ ዘጋው፤ መታጠቂያውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አምቡላንሱን ሊያስቆም ሄደ።

ባለቤቴ ሆስፒታል ሲደርስ እንዴት ሆነ ብሎ ጠየቀኝ። ነፋስ ነው አልኩት። እሱ እንደ እብድ ሆኖ ሰው ሲጠይቅ ቀጭን ልጅ ያለ ማክበጃ ለቀዋት ነው የሚል ወሬ ሰማ፤ በዚያው ቀን መጥቶ አመለከተ። ትናንት እሑድ እቤታችን እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ከዚያ ግድግዳውን በጡጫ መታው። ዛሬ ጠዋት እዚህ በር ላይ «አላየሁም በይ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታ አንቺ ደግሞ ከታሰርሽ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለኝ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ፈርቶ ነው። አሁንም ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ይሰማኛል፤ ኮቴውን አውቀዋለሁ።

መርማሪው እስከዚህ ድረስ ከጻፉ በኋላ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ቃሌ ከምስክርነት አልፎ እኔን ራሴን ተጠርጣሪ ሊያደርገኝ እንደሚችል አስጠንቅቀውኛል። ለመቀጠል ወይም ለማቆም መብት እንዳለኝ፣ ጠበቃም ማማከር እንደምችል ነግረውኛል። ገብቶኛል ብያለሁ። እቀጥላለሁ ብያለሁ።

ከዚህ በኋላ መርማሪው ሁለት ቃል አንብበውልኛል። አንዱ ሀብቶም የሰጠው ነው። ኪሱን እኔ ራሴ ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወላጅን ወደዚህ ማምጣት አልፈልግም ይላል። ሁለተኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ሃኒ ለመርማሪው የሰጠችው ነው። እሷ ቃል መስጠቷን እስከዚህ ሰዓት አላውቅም ነበር። እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱን ጠርሙስ አውጥቼ ለአሮጊቷ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናቴ ክንፏን እየዘረጋች ስለነበር አላየችም። ለአሠልጣኙም አልነገርኩትም። እናቴን አትጠይቋት፤ ምንም አታውቅም።»

ይህ ሲነበብልኝ ያን ጊዜ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት። መርማሪው ውሃ አስመጥተውልኛል።

ሃኒ አይታኛለች ማለት ነው። ሁለቱን ጠርሙስ ስሰጥ አይታኛለች። ማክበጃ ገብቷል ስል ዞራ ያየችኝ ለዚህ ነው። እናቴ ገብቷል ካለች ይበቃኛል ብላ ነው የሮጠችው። በተሰበረ ጭኗ ተኝታ ደግሞ፣ ፖሊስ አልጋዋ አጠገብ ሲቆም፣ ያሰበችው እኔን ነው።

ሀብቶምን በሚመለከት፣ በሱ ላይ ምንም አቤቱታ የለኝም። ልጄን በትክክል መዝኗታል፤ የጎደለው ከሱ ሚዛን በኋላ በኔ እጅ ነው። ልጄ ዛሬ አንገቷን ማዞር የምትችለው በሱ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው ያለው ለኔ ብሎ ነውና እንዳይያዝበት እጠይቃለሁ። ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሰዉ ሁሉ ጸበል ሊቀዳ ወጥቷል፤ እሱ ግን በኔ ጸበል ምክንያት እዚህ ተዘግቶበታል።

መርማሪው አሮጊቷ ዛሬ ቢጠይቁሽ ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠይቀውኛል። እሰጣቸዋለሁ። ጸበል የተጠየቀ ሰው እንዴት የለም ይላል? ልጄን ግን አስቆማት ነበር። ክንፏን ጠቅልላ ወደ ቤት እንድትሄድ አደርጋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ብትኮርፈኝም። ያላደረግሁት ይህን ነው። ጸበሉ አልጠበቃትም ለማለት ግን አልደፍርም፤ ከዚያ ሁሉ ዛፍ ወድቃ በሕይወት አለች። ይህን እኔም አላውቀውም፤ እርስዎም ሊጽፉት አይችሉም ብያቸዋለሁ፤ ጽፈውታል።

በመጨረሻ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጄ ትናንት የሰጠችው ቃል ውሸት ነው። ሃኒን ያሳደግኳት እንዳትዋሽ ነው፤ በሕፃንነቷ ስትዋሽ ቆንጥጬ አስለቅሻት አውቃለሁ። ቃሏ ሲነበብልኝ ማፈር ሲገባኝ ሆዴ ባባ፣ ደስም አለኝ፤ እንደዚህ የሚወደኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ቢሆንም በዚህ እንድትጠየቅበት፣ በሕይወቷ ሙሉ እኔ ነኝ ጠርሙሶቹን የሰጠሁት እያለች የኔን ሸክም እንድትሸከም አልፈልግም። ስለዚህ ሃኒ አምሃ ዋሽታለች፤ ጠርሙሶቹን የሰጠችው እናቷ ናት፤ ማክበጃው ገብቷል ያለችውም እናቷ ናት ተብሎ በፋይሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

ይህ ቃል ከፊደሉ እስከ ነጥቡ ተነብቦልኛል። የጨመረብኝም የቀነሰብኝም ሰው የለም፤ ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት ሕግ በሚያዘው እጠየቅበታለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አፀደ ወልደ ኢየሱስ
የመርማሪ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ገረሱ ኤጀታ

ማሳሰቢያ፦ ከፊርማው በፊት «የምስክር» የሚለው ቃል በፈራሚዋ እጅ ተሰርዟል፤ በቦታው «የእናቷ» ተብሎ ተጽፏል። ስርዙ የፈራሚዋ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ዋ/ሳ ገ.ኤ.